ያልተጠየቀ ቤት፦ የትላልቅ የጤና ጥናቶች የመስክ ሥራ አመራር በኢትዮጵያ፣ ከፈንጣጣ ዘመቻ እስከ ዘመናችን

እ.ኤ.አ. በ1970 ከኢትዮጵያ ለዓለም ጤና ድርጅት የደረሰው ሪፖርት በዓመቱ በፈንጣጣ የታመሙት ሰዎች 722 እንደሆኑ ይገልጻል። በተከታዩ ዓመት የተመዘገበው ቁጥር 26,329 ነው። ሠንጠረዡን ብቻ የተመለከተ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ታላቅ ወረርሽኝ የተቀሰቀሰ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ፈንጣጣው ቀድሞም በየጎጡ ነበር፤ አዲስ የመጣው ፈላጊው ነው። በጥር 1963 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ፕሮግራም ሠራተኞቹን ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ ከጤና ጣቢያ መዝገብ ውጭ ታሞ የሚድነውና የሚሞተው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጠረ።

ስለ ናሙና መጠንና ስለ ስሌት ዘዴ ብዙ ይጻፋል። ቁጥሩ የሚወለድበት ቦታ፣ ማለትም ጠያቂዋና ተጠያቂዋ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ደጃፍ፣ በጥናት ዘገባዎች ውስጥ የሚያገኘው ሥፍራ ግን ከአንድ አንቀጽ እምብዛም አይበልጥም፤ መረጃው በሠለጠኑ ባለሙያዎች እንደተሰበሰበ ተገልጾ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ሐሳብ ይህንኑ ደጃፍ የሚመለከት ነው። በመስክ ላይ የሚፈጠር ስሕተት እንደ ዕጣ ወዲያና ወዲህ የሚወድቅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛውን ቀን ወደሚያሳጥርበት አቅጣጫ ያዘነብላል። የመስክ ሥራ አመራር ታሪክም በአመዛኙ ይህን ዝንባሌ ለመግታት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ፈላጊውና የወሬው መዝገብ

የፈንጣጣው ዘመቻ መነሻ ለአመራር እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በጊዜው 25 ሚሊዮን ገደማ ይገመት ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ነበር። የሰው ኃይሉም አነስተኛ ነው፤ የኢትዮጵያ ሳኒታሪያኖችና ጤና ረዳቶች፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ቆይተውም የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈውበታል። በተጨማሪም በአገራችን የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለው ስለነበር፣ ከመቶ ታማሚ የሚሞተው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ሕዝቡ በሽታውን እንደ ልጅነት ዕጣ ይቆጥረው ነበር። በብዙ አካባቢ ከታማሚው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን የማስከተብ ነባር ልማድ ስለነበረ፣ ከመንግሥት የመጣው ከታቢ እንደ ተፎካካሪ የሚታይበት ሥፍራም አልጠፋም።

የዘመቻው አመራር የወሰነው ቁም ነገር፣ ተቆጣጣሪው ከመስክ ሲመለስ ለሠራተኛው የሚያቀርበውን የመጀመሪያ ጥያቄ መለወጥ ነው። ቀድሞ በአያሌ አገሮች የነበረው ጥያቄ «ስንት ሰው ከተባችሁ?» የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ የሚመዘን ሠራተኛ ሕዝብ ወደሚበዛበት ገበያ ይሄዳል፤ ቁጥሩ በአንድ ቀን ይሞላለታል፤ ቆላ ወርዶ ሁለት የታመሙ ሕፃናት የሚያገኝበት ምክንያት የለውም። አዲሱ ጥያቄ «ስንት ሕመምተኛ አገኛችሁ? እያንዳንዱስ ከማን ያዘው?» ሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ ሠራተኛውን ከአንድ ታማሚ ወደ ሌላው፣ ከአንድ ጎጥ ወደ ቀጣዩ ይመራዋል። በታማሚው ዙሪያ ያሉትን ሰዎች መከተብ የተቻለውም በዚህ መንገድ ነው። እኔ እስከማውቀው በጤና አመራር ታሪክ ውስጥ የአንድ ጥያቄ መለወጥ ይህን ያህል ሥራ የሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ፈላጊዎቹ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ የታተመበት ካርድ ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት ያሳዩ ነበር። ጥቆማ ላቀረበ ሰው የገንዘብ ሽልማት ተመደበ። የሰማነው ወሬ ሁሉ እውነትም ይሁን ሐሰት በመዝገብ ይገባል፤ ወሬው ከማን እንደመጣ፣ ማን ሄዶ እንዳጣራው፣ ምን እንዳገኘም ይጻፋል። በዚያው ዘመን በሕንድ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ፣ ፈላጊዎቹ ካለፉ በኋላ ሌሎች ገምጋሚዎች በናሙና በተመረጡ መንደሮች እየተገኙ «ሰው መጥቶ ጠይቋችሁ ነበርን?» ብለው ያጣሩ ነበር። ገምጋሚው የሚፈልገው በሽታውን ሳይሆን የፈላጊውን ዱካ ነው።

የመጨረሻው ሕመምተኛ በኦጋዴን፣ ዲሞ በተባለች መንደር፣ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. የታመመች ሕፃን ናት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ለአመራር ከቀድሞው ይከብዳል። ዓለም አቀፉ ሥርዓት ከመጨረሻው ሕመምተኛ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ፍለጋው እንዲቀጥል ያዝዛል። እንግዲህ ሠራተኛው በየቀኑ የሚወጣው የሌለ ነገር ለመፈለግ ነው። በሽታ ሲገኝ ደስታም ቁጣም አለ፤ ምንም በማይገኝበት ጊዜ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ዜሮ የሚጽፈውና አሥር ሰዓት ተጉዞ ዜሮ የሚጽፈው በወረቀት ላይ አይለዩም። ለመለየት የተቻለው በወሬ መዝገቡና ከኩፍኝ መሰል ወይም ከጉድፍ ታማሚዎች ተወስደው ወደ ላቦራቶሪ በሚላኩ ናሙናዎች ነው። በእርግጥ የሚፈልግ ቡድን ሽፍታ ያለበት ሰው ማግኘቱ አይቀርም። ምንም ወሬ ያልሰማ፣ ምንም ናሙና ያልላከ ወረዳ ንጹሕ ወረዳ ሳይሆን ያልተፈለገ ወረዳ ተደርጎ ተቆጠረ። በጥቅምት 1972 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሲረጋገጥ፣ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው በአብዛኛው ይኸው የፍለጋው መዝገብ ነው።

ሠላሳ በሰባት

ከፈንጣጣው ቀጥሎ የክትባት ዘመን መጣ። የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሽፋኑን ለመለካት በመላው ዓለም የተለመደው ሠላሳ መንደር በሰባት ሕፃናት የሚባለው ዘዴ አብሮ ገባ። ሠላሳ መንደሮች በሕዝብ ብዛታቸው መጠን ይመረጣሉ፤ በእያንዳንዱ ሰባት ሕፃናት፣ በድምሩ 210 ይታያሉ፤ ውጤቱም ከእውነተኛው ሽፋን በአሥር መቶኛ ገደማ ወዲያ ወይም ወዲህ እንደሚሆን ይታሰባል። ርካሽ፣ ፈጣንና ለወረዳ ባለሙያ የሚቻል ዘዴ በመሆኑ ባለውለታችን ነው።

ደካማ ጎኑ መንደሩ ውስጥ ከተገባ በኋላ ያለው ነው። ቡድኑ ከመንደሩ መኻል ቆሞ እስክሪብቶ ወይም ጠርሙስ መሬት ላይ ያሽከረክራል፤ ጫፉ ወዳመለከተበት አቅጣጫ እስከ መንደሩ ዳር ያሉትን ቤቶች ቆጥሮ አንዱን በዕጣ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ በር ለበር በሚቀርበው ቤት ይቀጥላል። እኔ በ1980ዎቹ አንድ ደጋማ ወረዳ ውስጥ በተካሄደ የሽፋን ጥናት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ማታ ማታ በማሾ ብርሃን ቅጾቹን ስመለከት፣ ከአንዱ ቡድን የመጡት ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ካርድ ያላቸውና የተከተቡ ሆኑ። በማግሥቱ አብሬአቸው ወጣሁ። መኪናው የሚቆመው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው፤ እስክሪብቶው የሚሽከረከረውም እዚያው ነው። በጠቅላላው በስድስት መንደር የተሠራውን ንድፍ አውጥተን ስናየው እስክሪብቶው አንድም ጊዜ ወደ ገደሉ አላመለከተም ነበር። ወጣቶቹን አልፈርድባቸውም፤ የቀን አበላቸው የተሰላው በቀን ሁለት መንደር ተብሎ ነው፤ ገደሉን ወርዶ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሁለተኛ መንደር የለም። ጥፋቱ በጀቱን ከሠራነው ከእኛ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የሽፋን ጥናት መመሪያ፣ ቤቶቹ ቡድኑ መንደር ከመድረሱ በፊት በዝርዝር ተመዝግበው በዕጣ እንዲመረጡና ሰው ያልተገኘበት ቤት ተደጋግሞ እንዲጎበኝ መክሯል። የእስክሪብቶው ዘመን በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ በአንዳንድ ወረዳ ዛሬም ሲሽከረከር ባይ የማይደንቀኝ ቢሆንም።

የአምስት ዓመቱ መስመር

በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አማካይነት ተካሄደ። 14,072 ቤተሰቦች፣ 15,367 ሴቶችና 2,607 ወንዶች ተጠየቁ። በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተከታዮቹ ዙሮች ተካሂደዋል። የአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ሞት ከአንድ ሺህ 166፣ 123፣ 88 እና 67 እየሆነ እንደወረደ ያወቅነው ከእነዚህ ጥናቶች ነው። በጤና ኤክስቴንሽን ላይ የተደረገው ክርክር ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የተገኙበት መንገድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

የመስኩ ቡድን አደረጃጀት ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው፤ አንድ ተቆጣጣሪ፣ አንዲት የመስክ አርታኢ፣ ሴቶችን የሚጠይቁ ሴቶችና ወንዶችን የሚጠይቅ ወንድ ባለሙያ አብረው ይጓዛሉ። አርታኢዋ መጠይቁን የምታርመው ቡድኑ ከመንደሩ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ስሕተት ካገኘች ጠያቂዋ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። በዚህ አደረጃጀት ውስጥ በእኔ እይታ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይኸው በቦታው ላይ ማረም ነው። አዲስ አበባ ላይ የተገኘ ስሕተት ግምት ይሆናል፤ መንደሩ ውስጥ የተገኘ ስሕተት ግን መልስ ያገኛል።

ሆኖም በመጠይቁ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ለተወለደ እያንዳንዱ ልጅ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ጡት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ትኩሳት ረጅም ጥያቄ ይከተላል። ከመስመሩ በፊት ለተወለደ ልጅ ይህ ሁሉ የለም። መስመሩ መስከረም 1992 ዓ.ም. ላይ ተሰምሮ እንደሆነ እናስብ። እናቲቱ ልጇን «የተወለደው በዘመን መለወጫ ግድም ነው» ብትል፣ ጠያቂዋ ነሐሴ 1991 ብላ ብትጽፍ የግማሽ ሰዓት ድካም ይቀርላታል። ውሸት ጻፈች ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ሁለቱም ቀኖች ይመስላሉ። እንዲህ ያለው ማንሸራተት በአገራችን ብቻ ሳይሆን ይኸው ዓይነት ጥናት በተካሄደባቸው ብዙ አገሮች የታየ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላትን ልጃገረድ አሥራ አራት፣ አርባ ዘጠኝ የሆነችውን ሴት ሃምሳ ብሎ መጻፍም ከዚሁ ይመደባል፤ ከዕድሜ ገደቡ የወጣች ሴት የግል መጠይቅ አይሞላባትምና።

መድኃኒቱ ሆኖ የተገኘው ከመስክ የሚመጣው መረጃ ሥራው ሳያልቅ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባና በየጊዜው ቡድን ከቡድን እንዲነጻጸር ማድረግ ነው። ከመስመሩ በፊት ባለው ዓመት የተወለዱት ልጆች ከመስመሩ በኋላ ካሉት ይልቅ በአንዱ ቡድን ዘንድ እጅግ ከበዙ፣ ወይም ባለ አሥራ አራት ዓመቶቹ ልጃገረዶች ባለ አሥራ አምስቶቹን በእጥፍ ከበለጡ፣ ያ ቡድን ይጠራል። ተቆጣጣሪው ወጥቶ የተወሰኑ ቤቶችን ራሱ ይጠይቃል። የጠያቂውን ስም የያዘ ሠንጠረዥ በሳምንቱ መጨረሻ እንደሚወጣ ማወቁ ብቻ ብዙ ቀኖችን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ይመልሳል።

ከቀኑ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የሞተው ልጅ ነው። መጠይቁ እናቲቱን በሕይወት ስላሉት ልጆቿ ከጠየቀ በኋላ፣ በሕይወት ተወልዶ የሞተ፣ አልቅሶ ወይም ትንፋሽ አሳይቶ ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ብቻ የኖረ ሕፃን እንዳለ በተለይ እንዲጠየቅ ያዝዛል። በብዙ ገጠሮቻችን ወንዱ በአርባ ቀን፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት ስም የላቸውም፤ ኀዘናቸውም በአደባባይ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሕፃን ሳይጠየቅ በራሱ አይነሣም። ጎረቤት የሞላበት ደጃፍ ላይ «የሞተብዎት ልጅ አለ?» ተብላ በችኮላ የተጠየቀች እናት «የለም» ትላለች። መጠይቁ ውስጥ ምንም ጉድለት አይታይም፤ ያ ሕፃን ከተወለዱትም ከሞቱትም አልተቆጠረም። ከአንድ ወር በታች የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በአራቱ ጥናቶች ከአንድ ሺህ 49፣ 39፣ 37 እና 29 ሆኗል። መውረዱን አልጠራጠርም፤ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች መብዛታቸው ብቻ አንድ ማስረጃ ነው። ነገር ግን የጠያቂ መሰላቸትም ይህንኑ ቁጥር ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ጠያቂዋ ጎረቤቶቹን በትሕትና አስነሥታ ከእናቲቱ ጋር ለብቻዋ መቀመጧ ነው።

የእናቶች ሞትም እንዲሁ ነው። ከመቶ ሺህ ሕያው ውልደት 871፣ 673፣ 676 እና 412 የተባሉት ቁጥሮች የተገኙት ተጠያቂዋን ስለ እህቶቿ በመጠየቅ ነው። በእኛ አነጋገር «እህቴ» የአጎትን ልጅ፣ የእንጀራ እናትን ልጅ፣ አብራ ያደገችውንም ሁሉ ትይዛለች። ስለዚህ ከአንዲት እናት ማሕፀን የወጡት ብቻ፣ ከበኩሯ ጀምሮ በየተራ፣ በሕይወት ያሉትም የሌሉትም መዘርዘር አለባቸው። ዘጠኝ ወንድምና እህት ላላት ሴት ይህ ክፍል ረጅም ነው፤ የሚገኘውም በመጠይቁ መጨረሻ አካባቢ፣ ሁለቱም ሲደክማቸው ነው። በ1997 እና በ2003 ዓ.ም. መካከል ቁጥሩ አልተነቃነቀም ተብሎ በየስብሰባው ብዙ ተወቅሰናል። እንዲህ ያለው ልኬት ሰፊ የስሕተት ወሰን ያለው መሆኑ በወቀሳው ጊዜ ሲነሣ የሰማሁት ጥቂት ነው፤ የመጨረሻው ገጽ በስንት ሰዓት እንደተሞላ የጠየቀማ ከነጭራሹ አልሰማሁም።

መጠይቆቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይዘጋጁ ነበር። ሌላ ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢ የትርጉሙ ሸክም በመስክ ቡድኑ ላይ ይወድቃል፤ እያንዳንዷ ጠያቂም ሳታስበው የራሷን መጠይቅ ትጽፋለች።

ደም፣ ራጅ፣ ስልክ

በ1997 ዓ.ም. ጥናቱ በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ መሰብሰብ ጀመረ። የኤች አይ ቪ ሥርጭት በአዋቂዎች 1.4 ከመቶ ሆኖ ሲገኝ፣ ከነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ይገመት ከነበረው 3.5 ከመቶ እጅግ ያነሰ በመሆኑ አነጋገረ። ብዙዎች በላቦራቶሪው ላይ ጥያቄ አነሡ። የመስክ ሥራ ልምድ ያላቸው ግን አስቀድመው የጠየቁት ደም ያልሰጡትና ቤት ያልተገኙት እነማን እንደሆኑ ነው፤ በተለይም ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ሳይመረመሩ መቅረታቸውን አስተዋሉ። በመጨረሻ የሁለቱ ምንጮች መረጃ ተጣምሮ እ.ኤ.አ. ለ2007 ዓመት 2.1 ከመቶ የሚል አንድ አገራዊ ግምት ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 የተካሄደው የሳንባ ነቀርሳ ሥርጭት ጥናት ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ወደ ራጅ ማንሻ የማምጣት ከባድ ሥራ ነበረበት፤ ሆኖም ከሚጠበቁት አዋቂዎች ዘጠና ከመቶ ያህሉ፣ ማለትም 46,697 ሰዎች ተገኝተዋል። የቀበሌ አመራር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአገር ሽማግሌዎች ባይሰለፉ ይህ ባልታሰበም።

በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ሥራ አዲስ ሥርዓት አስተዋወቀ። እስከ ጥር 2008 ዓ.ም. በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ተመርምረውበታል። ዓይን ገልብጦ የሚያየው ባለሙያ ወደ መስክ የሚወጣው ውሳኔው ከሠልጣኝ አስተማሪው ውሳኔ ጋር በተወሰነ መጠን መስማማቱ በፈተና ሲረጋገጥ ብቻ ነው። መዝጋቢው በስልክ ይመዘግባል፤ ስልኩም የቤቱን አቀማመጥ ከሳተላይት ይይዛል። እስክሪብቶው ወደ ገደሉ አለማመልከቱን ለማወቅ ተቆጣጣሪው ገደል መውረድ አላስፈለገውም፤ ካርታው ላይ ነጥቦቹን ማየት በቂው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱም ከወረቀት ወደ ታብሌት ተሻግሯል። መሣሪያው የተዘለለ ጥያቄን አያሳልፍም፤ የተምታታ ቀንን ይጠይቃል። ጎረቤቶቹን ከደጃፉ ማስነሣት ግን አይችልም። ትምህርት ቤት የዋለው ሕፃን እስኪመለስ ቡድኑ መጠበቁን ወይም አለመጠበቁን የሚወስነውም የዕለቱ መርሐ ግብር ነው።

ካርታውና ነዋሪው

የመስክ ሥራ መጀመሪያ የቤቶች ዝርዝር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ጥናት የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በተዘጋጁት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ካርታ ነው። ቤት መዝጋቢዎች ካርታው እርሻ የሚልበት ቦታ ላይ ኮንዶሚንየም፣ መንደር የሚልበት ላይ ግድብ ሊገጥማቸው ይችል ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታስቦ ካርታው ታድሶ የቆጠራ ቦታዎቹ 149,093 ደረሱ፤ ቆጠራው ግን ተራዘመ። በዚያው ዓመት የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን የወሰደው፣ ሰው ሳይቆጠርበት ከቀረው ከዚህ አዲስ ካርታ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነትና በሌሎች አካባቢዎች የደረሰው መፈናቀል ካርታውን ሳይሆን ሰውን አንቀሳቀሰ። የጥናቶቻችን ትርጓሜ አንድን ሰው የሚቆጥረው ባለፈው ሌሊት ባደረበት ቤት ነው። በናሙና ዝርዝሩ ላይ ያለው ቤት ተዘግቶ፣ እናቲቱ ከአራት ልጆቿ ጋር በትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ሠላሳ ቤተሰቦች ጋር ታድራለች። ጠያቂዋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ «ሰው የለም» የሚለውን ኮድ ትሞላለች። አዳራሹ ቤት ነው ወይስ ተቋም? ሠላሳው ቤተሰብ አንድ ቤተሰብ ነው ወይስ ሠላሳ? የሥልጠና መመሪያው ተቋም ከሆነ ይታለፍ ይላል። ተቆጣጣሪው ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ስልክ ይደውላል።